አክስት ሚርትል የገባችበት ጠፋ

ጥፋቱ የኔ ነው። እሱን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ኋላ ጎረቤታችን ሎሬታ ከምትነግራችሁ ከኔ ብትሰሙት ይሻላል፣ እሷ ስታወራው ከነሕይወቴ ነው የምትቀብረኝ።

አያቴ ዌንደል ይባላል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። "አያቴ" ስለው "እኔ ምን ያረጀሁ መሰለህ?" ብሎ ይቆጣል፣ ስለዚህ በስሙ ነው የምጠራው። ከጦርነት ሲመለስ ኦሃዮ ቤተሰቦቹ ጋ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ አልሆነለትም። አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጓደኛ ይዞ እዚህ ሰሜን ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማሪዋና ተከለ። ሌላ ነገር ሞክሮ አያውቅም አልልም፣ ቲማቲም ሞክሯል። አጋዘን በላበት።

በኛ መንገድ ላይ ሁሉም ይተክላል፣ ሁሉም ይደብቃል። ልጆች ትምህርት ቤት "አባትህ ምን ይሰራል?" ሲባሉ "አናጢ ነው" ነበር የሚሉት። ሠላሳ አናጢ ባለበት ሰፈር በወጉ የሚዘጋ አንድ በር የለም። እኔም ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም እንጂ፣ የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት እሷን ነው።

ከዚያ ሕጉ ተቀየረ። "በቃ፣ ተፈቅዷል፣ ፈቃድ አውጡና ትከሉ" ተባለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፣ ሎሬታ ጓሮዋ ውስጥ ጨፈረች። ማንም ያልነገራቸው ነገር ግን ፈቃድ ማውጣት ከፖሊስ ሄሊኮፕተር ከማምለጥ እንደሚከብድ ነው። ዌንደል በመጀመሪያው ቁጥጥር የውሃ ታንከሩ ለወንዙ ቀረበ ተብሎ ወደቀ። በሁለተኛው በሽንት ቤቱ በር ወደቀ። አስቡት እንግዲህ! ዘጠኝ ጊዜ ከሄሊኮፕተር ያመለጠ ሰውዬ በሽንት ቤት በር ተያዘ።

ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። በሦስተኛው ካላለፈ ፋይሉ ይዘጋል፣ ተክሎቹ ይቆረጣሉ፣ ዌንደልም ድጋሚ ማመልከት አይችልም። ደብዳቤው ላይ እንደዚያ ይላል። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎት ወተት ባወጣ ቁጥር ያነበዋል።

የኛ ተክሎች፣ እያንዳንዱ በአፈር ከረጢት የተተከለ፣ ሃያ አራት ናቸው። ሜዳው ላይ ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች በላስቲክ ቤት ውስጥ የሚተክሉት ከመቶ ሺህ በላይ ነው ይባላል። የዌንደል ሃያ አራት ግን ስም አላቸው። በአክስቶቹ ስም ነው የሰየማቸው። አስራ አንድ አክስት ነበረው፣ አክስት ሲያልቅበት ወደ ድሮ አስተማሪዎቹ ዞረ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲያጠጣ "እንዴት አደርሽ አክስት ኮርዴሊያ፣ ዛሬ ወዝሽ ወጥቷል" እያለ ነው። በየተክሉ አንገት ላይ ካውንቲው፣ የወረዳው አስተዳደር ማለት ነው፣ የሰጠው ቁጥር ያለበት ሰማያዊ ፕላስቲክ ይንጠለጠላል። ከሃያ አራቱ አንዱ ቁጥር ከጠፋ በድብቅ ተሸጧል ነው የሚባለው። አለቀ፣ ክርክር የለም።

ከብርድ ልብሱ ጋር የመጣው ጓደኛ ኦቲስ ነው። የኦክላንድ ልጅ፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ አፉ መርዝ። ከዌንደል ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ፣ አሁን ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ኦቲስ የሚኖረው ከቤታችን ጎን ባለች ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ዶሚኖ እየተጫወቱ ይሰዳደባሉ። ኦቲስ በዚህ ቅጠል አምስት ዓመት ታስሯል። ዌንደልም በሌላ ጊዜ አንዴ ተይዞ ነበር፣ ስድስት ወር ፈረዱበት። ቅጠሉ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ዳኛው ፊት የቆመው ቆዳ ነው። ኦቲስ ሲወጣ ጥሏት የገባት የሁለት ወር ልጁ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ብላ እናቷን የምትጠይቅ ልጅ ሆና ነበር የጠበቀችው።

አንዴ ከተማ ወርደን፣ እነዚያ እንደ ሽቶ ቤት የሚያበሩት አዲሶቹ የቅጠል ሱቆች ጋ ገባን። ኦቲስ አንዲት ብልቃጥ አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና ሻጩን፣

"ልጄ፣ ይቺን ድሮ ብይዝ ስንት ትፈጅብኝ እንደነበር ታውቃለህ?" አለው።

"አላውቅም አባባ።"

"አምስት ዓመት።"

ልጁ ግራ ገባውና "በካርድም መክፈል ይቻላል" አለው። ኦቲስ እስከ ቤት ድረስ ሲስቅ መጣ። ቤት ሲደርስ ግን ዶሚኖ አልጫወትም ብሎ ተኛ።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

የቁጥጥሩ ቀን ጠዋት ዌንደል ክራባት አሰረ። ክራባት ያለው መሆኑንም አላውቅም ነበር። ወረቀቶቹን በሙሉ በላስቲክ ከቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፣ ሽንት ቤቱን በር አስራ አምስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

"ምን መሰልኩ?" አለ።

"የራሱን ቀብር ሊያስተናግድ የመጣ ሰው" አለው ኦቲስ፣ እንቁላሉን እየበላ።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ሲዳር፣ ምን መሰልኩ?"

ሲዳር እኔ ነኝ። እናቴ የዛፍ ስም ነው ያወጣችልኝ። በኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ወይ ዛፍ ነው ወይ ወንዝ ነው ወይ ወፍ።

"ሙሽራ መስለሃል" አልኩት።

"በል ሂድ፣ በሩ ጋ ጠብቃት። መንገድ እንዳትስት። ደግሞ አደራህን፣ ዛሬ ቀልድህን ዋጥ አድርገው።"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"በአክስት ሚርትል ስም" አልኩት። ሚርትል ትልቋ ናት፣ ከኔ ትበልጣለች፣ የሷ ስም እንደ መሐላ ነው።

እንግዲህ በሩ ማለት የመንገዱ ታች ነው። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ በአቧራው መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ፒካፔን አቁሜ ተቀመጥኩ። ፒካፑ ውስጥ የድሮ መገናኛ ሬዲዮ አለች። በዚያ ተራራ ስልክ አይሰራም፣ ሁሉም ቤት ሬዲዮ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። በድሮ ጊዜ ፖሊስ መንገዱን ሲይዝ በሩ አካባቢ ያለ ሰው በሬዲዮ "ላሞቹ ወጥተዋል" ይል ነበር። ያኔ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ኮዷ በቀልድ አትነገርም። ያ ሕግ ነበር፣ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው ሕግ ይልቅ የሚከበር።

እኔ የተወለድኩት ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሕይወቴን በሙሉ ሲያወሩት ሰማሁ። ሄሊኮፕተሩ እንዴት ጣሪያ እንደነቀለ፣ ሎሬታ ኩኪስ ይዛ እንዴት እንደተያዘች። ሎሬታ በዚያ በክፉው በሽታ፣ በኤድስ ዘመን፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታል የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቶ ለሚከሱ ወጣቶች ቅጠሉን ኩኪስ ውስጥ እየጋገረች በየሳምንቱ ታደርስ ነበር። ወንድሟም እዚያ ተኝቶ ነበር፣ እዚያው ሞተ፣ እሷ ግን መጋገሯን አላቆመችም። አንድ ቀን ፖሊስ ይዟት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ማስረጃው የለም። ፖሊሱ በልቶታል። ይሄን ሁሉ ሰምቼ እኔ አንድም ቀን አላየሁም። ቅናት ነው መሰለኝ።

ነጯ የካውንቲ መኪና ከታች ብቅ ስትል እጄ በራሱ ሬዲዮዋን አነሳ። እጄን ነው የምከሰው። ሁሉም ተቆጣጣሪዋ እንደምትመጣ ያውቃሉ፣ ይስቃሉ አልኩ። ድምፄን ወፈር አድርጌ፣

"ላሞቹ ወጥተዋል። አንድ ነጭ። ወደ ላይ እየመጣች ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ የሎሬታ ድምፅ መጣ።

"ሰምቻለሁ" አለችና ጠፋች።

እኔ መሪዬ ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ሰባ አራት ዓመቷ እኮ ነው፣ ቀልዱ ገብቷታል ብዬ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ሚስ ኦካምፖ ትባላለች። አጠር ያለች፣ ቆፍጣና፣ ጫማዋ አዲስ። "ደህና አደርክ፣ ምራኝ" ብላ መስኮቷን ዘጋች። ፊት ፊት ነዳሁ። የሎሬታን ቤት አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን የሞተር መጋዝ ጮኸ፣ ከዚያ ግንንን! መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሚስ ኦካምፖ መኪናዋን አቁማ ራሷን አወጣች።

"ምንድነው?"

"እንጨት ነው" አልኩ። እንጨት ነበር እውነቴን ነው። ያኔ ግን ከታሪኮቹ አንዱ ትዝ አለኝ። ፖሊስ ካለፈ በኋላ መንገዱ ላይ ጥድ ይጣላል። ሌላ መኪና እንዳይከተል።

ግቢያችን ስንደርስ ማንም የለም። ክራባቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ወረቀቶች የሉም። የኦቲስ እንቁላል ግማሹ ሳህኑ ላይ አለ። ተክሎቹ የነበሩበት ቦታ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ሜዳ ነው። ሃያ አራት ከረጢት አፈር፣ ሃያ አራት አክስትና አስተማሪ፣ የሉም! መሬቱ በጥድ ቅርንጫፍ ተጠርጎ የጋሪ ጎማ ምልክት እንኳ አይታይም። የውሃ ቱቦው ተጠቅልሎ ተነስቷል። ከዚያ በላይ ደረቅ ቅጠል ተበትኖበታል፣ አሥር ዓመት ሰው ያልረገጠው ነው የሚመስለው። ሁለት ሽማግሌዎች። በሃምሳ ደቂቃ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደንግጬ ነው፣ ኩራትም ነበረበት።

ሚስ ኦካምፖ ካርታዋን አየች፣ መሬቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ተክሎቹ?"

"ሽርሽር ሄደዋል።"

አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አወጣች። "ባዶ መሬት ብዬ ነው የምጽፈው።"

"ቆይ! ቆይ ሚስ ኦካምፖ፣ አይጻፉ፣ እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ሬዲዮዋን፣ ላሞቹን፣ ሁሉንም። ሰማችኝ። ስጨርስ፣

"ታዲያ ዛሬ እንደምመጣ ያውቁ አልነበረም? ቀጠሮ ነው እኮ" አለች።

"ያውቃሉ።"

"ታዲያ?"

በመኪናዋ ሬዲዮ ቢሮዋን ልታገኝ ሞከረች፣ አልሆነም። "ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለኝ፣ እመለሳለሁ" አለችና መኪናዋን አዙራ ወረደች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። ከመኪናዋ ወርዳ በሩን በኃይል ዘጋችው።

"መንገዱ ላይ የመኪና ርዝመት ሦስት እጥፍ የሆነ ዛፍ ተኝቷል። አንዲት አሮጊት መጋዝ ይዛ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። 'ዛሬ አታልፊም የኔ ቆንጆ' አለችኝ።"

"ሎሬታ ናት።"

"ስሟን አልጠየቅኩም።" ሳንድዊቿን አውጥታ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጠች። "ስማ፣ ዛፉ እስኪነሳ እዚሁ ነኝ። ከመሄዴ በፊት ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያላየሁትን አልጽፍም። ገባህ?"

ገባኝ። ጫካ ውስጥ ሮጥኩ።

"ዌንደል! ኦቲስ! ውጡ፣ እኔ ነኝ!" ምንም። አንድ የወደቀ ግንድ ስሻገር የሆነ ሰው እጅ እግሬን ያዘኝ፣ ጮህኩ።

"ዝም በል አንተ ከብት!" አለ ኦቲስ። ግንዱ ስር በሆዳቸው ተኝተዋል ሁለቱም፣ ፊታቸው ጭቃ ተቀብቷል፣ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ያበራል። "ስንት ናቸው?"

"አንድ።"

"አንድ ብቻ? ውሻ አላቸው?"

"ሳንድዊች አላት" አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። "እኔ ነኝ ያልኩት። ለቀልድ ነው። ሚስ ኦካምፖ ናት። ቁጥጥሩ ነው።"

ኦቲስ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀ ነው። ዌንደል ግን አልሳቀም። ጭቃው ስር ፊቱ ነጣ።

"ቁጥጥሩ" አለ። "አውቃለሁ እኮ ቁጥጥሩ ዛሬ መሆኑን። ክራባት አስሬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሮጥክ?"

"ጭንቅላቴ ያውቃል። እግሬ አያውቅም።"

ሎሬታ ከኋላችን በጫካው በኩል መጋዟን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደረሰች። ነገሩን ስትሰማ ባርኔጣዋን አውልቃ በባርኔጣው ጭንቅላቴን ሦስት ጊዜ መታችኝ። በየምቱ መሃል "ኮዷን! ኮዷን! አንተ የተረገምክ! ኮዷን!" እያለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣

"ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ?" አለች።

"ሠላሳ ስምንት" አለ ኦቲስ፣ ደረቱን ነፍቶ። "በወገብ ሕመም።"

መመለሱ ከመደበቁ ከበደ። እየተደበቅክ ስትሮጥ ፍርሃት ይገፋልሃል፣ ስትመለስ አቀበቱ ብቻ ነው ያለው። እኔና ሎሬታ በአንድ የእጅ ጋሪ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሌላ፣ ሁለት ሁለት ከረጢት እየጫንን ወጣን። ከየጥሻው፣ ከየግንዱ ስር፣ ከአሮጌ መኪና ውስጥ ሳይቀር። ሚስ ኦካምፖ ካርታዋን ይዛ "ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ እዚያ ጋ" እያለች ቦታ ቦታቸውን ታሳየን ጀመር። እያንዳንዱን ሰማያዊ ፕላስቲክ በመሣሪያዋ ስትነካው "ጢጥ" ይላል።

"አክስት ኮርዴሊያ" ይላል ዌንደል።

"ጢጥ።"

"ሚስስ ፊልፖት፣ የሂሳብ አስተማሪዬ።"

"ጢጥ። በቁጥር ይበቃኛል አቶ ዌንደል" አለች፣ ግን ከአሥረኛው በኋላ እሷ ራሷ "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" ማለት ጀመረች።

ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።

"አንድ ቀረ" አለች። ዝርዝሯን አየች። "የመጨረሻው ቁጥር።"

"ሚርትል!" አልኩ። ትልቋ የለችም። "ማን ነው የወሰዳት?"

"እኔ አሥራ አንድ ወሰድኩ፣ አሥራ አንድ መለስኩ" አለ ኦቲስ። ሁላችንም ወደ ዌንደል ዞርን።

ዌንደል ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ። "እኔ እንጃ። ረስቻለሁ። እርጅና ነው።"

ሰውዬው በሕይወቱ እርጅና የምትለዋን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም! እኔ ደግሞ ሌላ ትምህርት የለኝም እንጂ ውሸት ላይ ፕሮፌሰር ነኝ። ክንዱን ይዤ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ወሰድኩት።

"የት ናት?"

"ተወኝ ሲዳር።"

"ዌንደል፣ አንድ ቁጥር ከጎደለ ፋይሉ ይዘጋል። ወተቱን ስታወጣ ስታነበው አይደለም የኖርከው?"

"ይዘጋ። ይቆረጡ። ምንም አይደለም።" ታንከሩን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ጉድጓዱ ውስጥ ናት።"

"የቱ ጉድጓድ?"

ሃምሳ ዓመት እዚህ ግቢ ሲኖር ማንም የማያውቀው ጉድጓድ እንዳለው ያኔ ሰማሁ። በገዛ እጁ ነው የቆፈረው፣ ሰው ሲቀመጥበት ልክ የሚሆን፣ ክዳኑ ላይ አፈርና የጥድ ቅጠል ያለበት። ኦቲስ የተያዘ ቀን ዌንደል እዚያ ውስጥ ነበር። ለኦቲስ የነገረው ግን ከተራራው ወዲያ ቱቦ ሲቀጥል እንደነበርና ሲመለስ ሁሉ ነገር እንዳለቀ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያለው።

"ከወደቀበት ቦታ አሥር እርምጃ ነው" አለኝ። "አሥር። ሲጥሉት፣ ሲረግጡት፣ ሁሉንም ሰማሁ። ክዳኑን ግን አላነሳሁም። ዛሬ እግሬ በቀጥታ እዚያ ወሰደኝ፣ ሚርትልን አስገብቼ ስዘጋ ነው የነቃሁት። ያንን ጉድጓድ ካሳየሁት ያውቃል። ስለዚህ ይዘጋ በቃ።"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ጥበብ የለኝም፣ ተንኮል ነው ያለኝ። "ስማ፣ እኔ ልሂድ። ሹልክ ብዬ አውጥቼ ወንዙ ዳር ላስቀምጣትና 'አገኘኋት' ብዬ ልጩህ። ማንም አያውቅም። ፈቃድህንም ታገኛለህ፣ ኦቲስም አይሰማም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ለአንድ አፍታ እሺ ሊለኝ ነበር፣ ዓይኑ ላይ አየሁት። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ።

"ውሸቱን እኔ ጀመርኩት፣ አንተ ልትጨርሰው?" አለና ወደ ግቢው ወጥቶ ተጣራ። "ኦቲስ! ና እስቲ ወዲህ።"

"ምን ሆንክ?"

"ና አልኩህ አንተ ሽማግሌ።"

ኦቲስ መጣ። ሚስ ኦካምፖ መሣሪያዋን ይዛ ተከተለች፣ ሥራዋ ነውና። ሎሬታም መጣች፣ ሎሬታ የማትመጣበት ነገር የለም። ዌንደል ከተጎታች ቤቱ ኋላ፣ ሁለት ጥዶች መሃል ቆመ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳበሰና ክዳኑን ገለበጠው። ሚርትል አንገቷን ደፍታ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማለች፣ የተቀጣች ተማሪ መስላ።

"እዚህ ነበርኩ" አለ ዌንደል። ወደ ኦቲስ አላየም፣ ወደ ሚርትል ነው የሚያወራው። "ያን ቀን። ከተራራው ወዲያ አልነበርኩም። እዚህ ነበርኩ።"

ኦቲስ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ ዞሮ ተጎታች ቤቱ አጠገብ ያለችውን ቦታ አየ። አሥር እርምጃ። ሎሬታ ባርኔጣዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። እኔ የምሰራው ጠፍቶኝ ጫማዬን እያየሁ ነው።

"አውቃለሁ" አለ ኦቲስ።

ዌንደል ቀና አለ።

"ፊቴን አፈር ላይ ደፍተውት ነበር እኮ። ጆሮዬ መሬት ላይ ነው። እንደ በሬ ነበር የምትተነፍሰው። 'ይሄ ደነዝ አሁን ይሰሙታል፣ ሁለታችንንም ያስበላናል' አልኩ። ያ ሁሉ ጩኸት ምን መሰለህ? እናታቸውን፣ ሄሊኮፕተራቸውን፣ የሄሊኮፕተራቸውን እናት የሰደብኩት? ትንፋሽህን ለመሸፈን ነው። ድምፄ ለሦስት ቀን ዘጋኝ።"

"ታውቅ ነበር።" አለ ዌንደል። "ሠላሳ አምስት ዓመት ታውቅ ነበር? ለምን አልነገርከኝም?"

"መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ሁለት ዓመት ያህል ልገድልህ አስቤ ነበር። ከዚያ ቆጠርኩት። ብትወጣ ኖሮ ሁለታችንም እንገባለን፣ በየሳምንቱ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማን ነበር? ልጄን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳልኝ ማን ነበር? ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አንተ በየጠዋቱ እየተነሳህ እንቁላል ትጠብስልኛለህ። ሳልጠይቅህ። ሠላሳ ዓመት! ብነግርህ ልታቆም ነው እንዴ? እብድ መሰልኩህ?"

ሎሬታ ናት ቀድማ የሳቀችው፣ እያለቀሰች። ዌንደል ኦቲስን ገፈተረው፣ ኦቲስ መልሶ ገፈተረው፣ ከዚያ ተያያዙ። ሁለት ጭቃ የተቀቡ ሽማግሌዎች። ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

ሚስ ኦካምፖ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጎንበስ ብላ ወደ ሚርትል አንገት እጇን ሰደደች።

"ጢጥ" አለ።

"ሃያ አራት። ታንከሩንና የሽንት ቤቱን በር ቅድም አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው" አለች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረግ አድርጋ ወዲያው ካርታዋን ዘረጋች። "ግን አንድ ችግር አለ። ይሄ ጉድጓድ ካርታው ላይ የለም። ያልተመዘገበ ግንባታ ነው። ምን ብዬ ልጻፈው?"

ሁላችንም ቀዘቀዝን። በሽንት ቤት በር የወደቀ ሰው ጉድጓድ አይጥለውም ትላላችሁ? እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት አለቀብኝ።

"የድንች ማስቀመጫ" አለ ኦቲስ።

"ድንች አለው?"

"የለውም። ዛሬ ይገዛል።"

አየችው። እሱም አያት፣ ቅንድቡን እንኳ ሳያነሳ። "የድንች ማስቀመጫ፣ ጊዜው ያልታወቀ" እያለች ጻፈችና መጨረሻው ላይ 'አልፏል' ብላ ፈርማ የፈቃድ ወረቀቱን ቀድዳ ለዌንደል ሰጠችው። ዌንደል በጭቃ እጁ እንዳያበላሸው ፈርቶ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞት ቆመ። ሰባ ስድስት ዓመቱ፣ ስሙ በወግ ተጽፎ፣ ማህተም ያለበት።

እኔና ሎሬታ ሚርትልን አውጥተን ጋሪው ላይ ስንጭን ኦቲስ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለው ዌንደል።

"ልገባ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በላዩ ላይ ስመላለስበት ኖሬ አላየውም?"

"ጉልበትህ!"

"አንተ እዚያ ሂድና ተኛ፣ እኔ የወደቅኩበት ጋ። አሁን ተራህ ነው።"

ዌንደልም ሄደ እውነቱን ነው የምላችሁ! ተጎታች ቤቱ አጠገብ ሄዶ አፈሩ ላይ በሆዱ ተኛ፣ ፈቃዱን በአንድ እጁ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ። ኦቲስ ወርዶ ቁጭ አለ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

"ትሰማኛለህ?" አለ ከውስጥ።

"እሰማሃለሁ" አለ ዌንደል ከአፈሩ ላይ።

"እንደ በሬ ነው የምትተነፍሰው አሁንም!"

"አንተ ነህ በሬው! ውጣ አሁን፣ ድንቹን ልንገዛ ነው።"

ከጉድጓዱ ሁለት እጆች ብቅ ብለው ጠርዙን ያዙ፣ ተመልሰው ገቡ።

"መውጣት አልቻልኩም" አለ ኦቲስ።

ሎሬታ አንዱን እጁን ያዘች፣ እኔ ሌላውን። አልተንቀሳቀሰም። ሚስ ኦካምፖ ሰዓቷን አየች፣ ፋይሏን ጥዱ ስር አስቀመጠችና አዲስ ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ተክላ ወገቤን ያዘችኝ።

"በሦስት" አለች።